ሙያ በልብ አይደለም፣ በፋይል ነው

«ሙያ በልብ ነው» ያለው ሰው ሰርቨር አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ፣ ያውም ሙያውን በልቡ የያዘው ልጅ ዲቪ ደርሶት ሻንጣውን ሲያስር አይቶ ቢሆን ኖሮ፣ አባባሉን በማግስቱ ይሰርዘው ነበር።

አባባሉ በራሱ መጥፎ ነው አልልም። ጉራ ለሚያበዛ ሰው ጥሩ ልጓም ነው። ችግሩ የኛ ዌብሳይት ሠሪ ቢሮዎች ልጓምነቱን ትተው መደበቂያ አድርገውታል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ይኼን ሰርቨሩ ላይ እንዴት ነው የምንጭነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ቆይ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ነው። ስድስት ወር ቆይቶ ቢጠይቅም ያው ነው። ሲኒየሩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጣል፣ ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ጥቁሩ መስኮት በፊደል ይጥለቀለቃል፣ ከዚያ «በቃ፣ ገብቷል» ይላል። ምን ገባ? በየት ገባ? ልጁ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ሲኒየሩም ነገ ያንኑ ነገር አንድ ሳይዛነፍ ስለመድገሙ እርግጠኛ አይደለም።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ጋር ነው። የምከራከርለት ነገር ደግሞ ሲያዩት ኢምንት ነው፦ ሼል ስክሪፕት። በየቀኑ በእጃችን የምንተይባቸው ትእዛዞች በቅደም ተከተል የተጻፉበት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል። ስሙን ስትጠሩት ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ ይፈጽማል። ይኼው ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። ኬን ቶምሰን የመጀመሪያውን የዩኒክስ ሼል የሠራው በ1971 ነው፤ ስቲቭ ቦርን የራሱን ያወጣው በ1979፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበትን ባሽ ደግሞ ብራያን ፎክስ በ1989 አወጣው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ።) ሼባ ነው። ግን ሥራ ያውቃል።

እስቲ አንድ ተራ ማክሰኞን እንውሰድ። ደንበኛው ይደውልና «ስልክ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ ዌብሳይቱ ላይ አስተካክሉልን» ይላል። የአንድ መስመር ሥራ ነው። ልጁ ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ያስተካክላል፣ ፋይልዚላን ይከፍታል፣ ፓስወርዱን ከቴሌግራም ላይ ፈልጎ ያመጣል (አዎ፣ የሰርቨር ፓስወርድ በቴሌግራም ነው የምንላላከው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው)። የትኞቹን ፋይሎች እንደነካ በደንብ ስለማያስታውስ «ለማንኛውም» ብሎ ሙሉውን ፎልደር ጎትቶ ይጥለዋል። አራት ሺህ ፋይል። ግማሽ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲመጣ የትኛው ደርሷል፣ የትኛው ተቆርጦ ቀርቷል? የሚያውቅ የለም፣ እንደገና ከሀ። በስንት መከራ ሲያልቅ ደግሞ ዌብሳይቱ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቁጭ ይላል። ለካ ልጁ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚጠቀምበትን የዳታቤዝ ፓስወርድ የያዘው ፋይል አብሮ ተሳፍሮ ሄዶ የሰርቨሩን ተክቶታል። አሁን ደንበኛው እንደገና ይደውላል። ስለ ስልክ ቁጥሩ ግን አይደለም።

ይኼን ያነበበ አለቃ «ልጁ ለምን አይጠነቀቅም?» ይላል። ልጁማ ይጠነቀቃል! ትናንትም ተጠንቅቋል፣ ከትናንት ወዲያም። አርባኛው ላይ ነው የደከመው። አርባ ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ አንዴም የማይሳሳት ሰው ከፈለጋችሁ ቅጠሩ፣ ስታገኙት ለኔም አሳዩኝ። እስከዚያው ድረስ ግን ያንን አርባ ጊዜ የሚደገም ሥራ ለማሽን ስጡት፤ ማሽን የተፈጠረው ለዚሁ ነው። «አትርሳ» የሚለውን ምክር በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ከመደጋገም ስክሪፕቱ ውስጥ «ይኼን ፋይል አትንካ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ይሻላል። ስክሪፕቱ አርብ ማታም ያስታውሳል።

ሒሳብ ለሚወዱ አለቆች ሒሳብ እናውራ። አንድ ዌብሳይት ላይ ማሻሻያ መጫን በእጅ 12 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ቢሮው ስድስት ደንበኞች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው በቀን አንድ ጊዜ ይጫናል። በቀን 72 ደቂቃ ማለት ነው። በ22 የሥራ ቀን 1584 ደቂቃ፣ ወይም 26 ሰዓት ከምናምን። በስምንት ሰዓት ስታካፍሉት ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ይመጣል። በየወሩ አንድ ሰው ለሦስት ቀን ፎልደር ሲጎትት ይውላል ማለት ነው፣ ያውም ምንም ነገር ካልተበላሸ። ስክሪፕቱን ለመጻፍ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

እኔ የምጠቀምበት ስክሪፕት ስሙ «ላክ» ነው። በፊደላችን። ሊኑክስ የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል ቢሆን ቅር አይለውም፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ለምትፈጥሯቸው ተለዋዋጮች ግን ባሽ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ አይቀበልም። (ኪቦርድ መቀያየሩ ጊዜ ይበላል የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ምን ታመጣላችሁ።) «ላክ» ስትሉት መጀመሪያ ያልተመዘገበ የኮድ ለውጥ ካለ ጊትን ይጠይቃል፤ ካለ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ የዳታቤዙን ባክአፕ ያወጣና በቀኑ ይሰይመዋል፣ ዓመት ወር ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜም እንዲደረደሩ። ከዚያ የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ ይልካል፣ የፓስወርዱን ፋይልና ደንበኛው ራሱ የጫናቸውን ፎቶዎች ዘሎ። ካሹን ያጸዳል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ራሱ ከፍቶ ያያል፤ ሰርቨሩ 200 ካልመለሰለት ይጮኻል። ደንበኛው ከመደወሉ በፊት ማለት ነው።

የተቀየረውን ብቻ የሚልከው አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ አውስትራሊያ ውስጥ ሠርተው በ1996 አወጡት። አራት ሺህ ፋይል ውስጥ አንዷ ብቻ ከተቀየረች አንዷን ይልካል፤ እሷም ቀድሞ ሰርቨሩ ላይ ካለች የተለወጠውን ቦታ ብቻ። መስመር ከተቋረጠ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ብቻ ነው፣ የደረሱትን አይደግማቸውም። «ፓርሻል» የምትለዋን አማራጭ ከጨመራችሁለት በግማሽ የቀረውን ትልቅ ፋይልም ከዜሮ አይጀምረውም። መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ሲመጣ ለሚውል ከተማ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። «የኛ ሆስቲንግ ርካሽ ስለሆነ ኤስኤስኤች የለውም፣ ኤፍቲፒ ብቻ ነው» የምትሉ ደግሞ ኤልኤፍቲፒ የሚባለውን እዩት፤ አዲስ የሆኑትን ፋይሎች ብቻ መርጦ በኤፍቲፒ የሚልክ ትእዛዝ አለው። ቢሮው ዊንዶውስ ነው? ጊትን ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ባሽ አብሮ ይመጣል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ አስገብቶላችኋል። ሌላ ሰበብ አምጡ።

ፎቶን ላንሳ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጎዳው ሠሪው ብቻ አይደለም። ደንበኛው በስልኩ ያነሳውን አምስት ሜጋባይት ፎቶ ይልካል፣ ልጁም እንዳለ ይጭነዋል፣ ፎቶው ገጹ ላይ የክብሪት ሳጥን አክሎ ይታያል። ገጹን የከፈተው ሰው ግን አምስቱንም ሜጋባይት ከፍሎባቸዋል። ካርድ ሞልቶ ኢንተርኔት የሚጠቀመው እሱ ነው፣ ሠሪው ቢሮ ዋይፋይ አለ። ኢሜጅማጂክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፎልደር ሙሉ ፎቶ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያሳንሳል። መቶ ፎቶ በፎቶሾፕ አንድ በአንድ ከፍቶ «ሴቭ አዝ» ሲል የሚያመሽ ልጅ አይቻለሁ። ታታሪ ነው ተብሎ ሲመሰገንም ሰምቻለሁ። ያንን ሌሊት የሰረቀው ማን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ወደ አማርኛው ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ይጣፍጣልም። ከደንበኛ የሚመጣው የአማርኛ ጽሑፍ አራት ነጥብ የለውም፤ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶበት ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ጭራሽ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። ፊደሉ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ቢሮዎች የድሮ ፋይላቸውን ተቀምጠው እንደ አዲስ ያስተይባሉ። ሰው ቀጥረው! የድሮው ፎንት ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የተደበቀበት ኮድ የታወቀ ነው፤ ይኼ በዚያ ይተካ የሚል ዝርዝር አንዴ ከተሠራ ሺህ ገጽ በደቂቃ ይገለበጣል። ዝርዝሩን ማዘጋጀት አሰልቺ ነው፣ አልክድም። ግን የሚያሰለቸው አንዴ ነው።

ሁለቴ የተመታውን ሁለት ነጥብ ወደ አራት ነጥብ ለመቀየር ሴድ የሚባለው ትእዛዝ አንድ መስመር ይበቃዋል። ታዲያ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ ስክሪፕቱን ጽሑፉ ላይ እንጂ ኮዱ ላይ እንዳትለቁት። ፒኤችፒ ውስጥ ያው ምልክት የቋንቋው ሥርዓት አካል ነው፣ ሲኤስኤስም ይጠቀምበታል። ኮዱን አማርኛ አስተምራለሁ ብላችሁ አራት ነጥብ ብትደቅኑበት ዌብሳይቱ እዚያው ጸጥ ይላል። የሚገርመው ነገር፣ ፒኤችፒን እንደገና የጻፉት ሁለት እስራኤላውያን ስለነበሩ የምልክቱን ስም በዕብራይስጥ «ፓዓማይም ነኩዶታይም» ብለውታል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ማለት ነው። ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት። እኛ በእምነት አራት ነጥብ ይሆናል ብለን የምንመታውን እነሱም ቆጥረው ያንኑ አግኝተዋል።

«ስክሪፕት አደገኛ ነው» የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው፣ ክርክራቸውንም አላቃልልም። በጃንዋሪ 2015 ስቲም የተባለው የጌም መደብር በሊኑክስ ፕሮግራሙ ውስጥ ባለ ስክሪፕት የአንድ ተጠቃሚን ፋይሎች ጠራርጎ ማጥፋቱ ተሰማ። ስክሪፕቱ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ይል ነበር፤ የፎልደሩ ስም ባዶ ሆኖ ሲገኝ ትርጉሙ «ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ሆነ። ከመስመሩ በላይ ጸሐፊው «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፈርቶ አለፈ እንግዲህ።

ግን ቀጥሎ የሆነውን እዩ። ጥፋቱ ፋይል ውስጥ ስለነበር ሰዎች ከፍተው አዩት፣ መስመሩን በጣታቸው ጠቆሙት፣ ድርጅቱም አረመው። «ስሙ ባዶ ከሆነ ቁም» የሚል አንድ ማረጋገጫ ነበር የጎደለው። በእጅ የተሠራን ጥፋት እንዲህ አድርጋችሁ አትጠቁሙትም፤ ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ማን ምን እንደተየበ የሚያውቀው ራሱ ተያቢው ነው፣ እሱም ከረሳው ማንም።

በእጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ጊትላብ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ያንብብ። አንድ ኢንጂነር በሌሊት፣ ደክሞት፣ ከተጠባባቂው ሰርቨር ላይ የዳታቤዝ ፎልደር ሊሰርዝ ፈልጎ ትእዛዙን ዋናው ሰርቨር ላይ ሰጠ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አቆመው። 300 ጊጋባይት ከሚሆነው ውስጥ የቀረው 4.5 ነበር። ባክአፕ? በየቀኑ የሚሠራ መስሏቸው የነበረው ባክአፕ ለካ በዳታቤዝ ሥሪት አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ከርሟል፤ «አልሠራሁም» የሚለው ኢሜይልም እየተመለሰ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ሥራ ግን እስከ ወዲያኛው ጠፋ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጠላቴ የሆነውን ክፍል አልደብቅም፦ ባክአፑም በራሱ የሚሄድ ሥራ ነበር፣ ዝም ብሎም ወደቀ። ስለዚህ ስክሪፕት ጽፎ መተኛት የለም። ስህተት ሲያገኝ እንዲቆም የምታደርገው «ሴት ዳሽ ኢ» የመጀመሪያው መስመር ላይ ትቀመጥ፣ ባክአፑም አልፎ አልፎ ተመልሶ ሲከፈት ይታይ። ጊትላቦች ደግሞ አንድ ነገር አድርገዋል፣ ለኛ ባህል የሚከብድ፦ ጥፋታቸውን ደረጃ በደረጃ ጽፈው ለዓለም አወጡት፣ ጥገናውን ራሱ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩት። ሙያ በልብ ነው አላሉም።

አሁን ደግሞ ዘመነኞቹ ይመጣሉ። «ወንድሜ፣ በሼል ዘመን ነው እንዴ ያለኸው? አንድ ቁልፍ ተጭነህ ሁሉን የሚሠሩልህ አገልግሎቶች አሉ እኮ።» አሉ። ግማሾቹ የዶላር ካርድ ይጠይቃሉ፤ የዶላር ካርድ ያለው ጁኒየር ካያችሁ ሰላም በሉልኝ። ካርዱ ያለውም ቢሆን የቁልፉን ክዳን ከፍቶ ይመልከት። የጊትሃብ አክሽንስ ሥራ ዝርዝር ውስጥ «ራን» ከምትለዋ ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው፣ ዶከር ፋይል ውስጥም እንዲሁ፣ በሊኑክስ ላይ የሼል ትእዛዝ ነው። ሼባው እዚያም ውስጥ ተቀምጧል። «ኤአይ ይጽፍልኛል» የሚለውም ትክክል ነው፣ ይጽፍልሃል፣ ያውም በሰከንዶች። ስለዚህ «ባሽ አልችልም» የምትለዋ ሰበብ ሞታለች። ግን የጻፈልህን ሳታነብ ሰርቨር ላይ አትልቀቀው፤ «ያስፈራል!» ብሎ እንኳ ላያስጠነቅቅህ ይችላል። በየቀኑ እንደ አዲስ እየጠየቅህ፣ የሰጠህን እየገለበጥህ፣ እየለጠፍህ ከሆነ ደግሞ ያው የእጅ ሥራ ነው። ሙያ በቻት።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንመለስ፣ «ቆይ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ወደሚለው። ለምን እንደማይጽፈው ይገባኛል። ከጻፈው ማንም ይሠራዋል፣ ማንም ከሠራው ደግሞ እሱ ለምን ያስፈልጋል? ይኼ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። አለቃ ሰውን የሚመዝነው ወንበር ላይ በቆየበት ሰዓት ከሆነ፣ የሦስት ቀኑን ሥራ በሦስት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ሽልማቱ ሌላ የሦስት ቀን ሥራ ነው። የሚያመሽ ልጅ «ጠንካራ» ይባላል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ጨርሶ የሚወጣው «ልቡ ሥራው ላይ የለም»። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ስክሪፕት መጻፍ ራስን መክሰስ ነው። ስለዚህ ሲኒየሩን ብቻ አልወቅስም። የተረፈው ሰዓት የማን እንደሆነ አለቆች በግልጽ ይናገሩ። ግማሹን ልጁ ይማርበት፣ ወይ በጊዜ ቤቱ ይግባ። ካልሆነ ሰው ማሽን የሚሠራውን ሥራ በእጁ እየሠራ ይኖርላችኋል፣ ሆን ብሎ፣ ደመወዝ እየበላ። አልፈርድበትም።

የምትከፍሉት ግን ሰውየው ሲሄድ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እኔው ባለሁበት አይቻለሁ። ሰርቨሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ዲቪ ደረሰውና ሄደ። ሸኘነው፣ ኬክ ተቆረጠ። የዌብሳይቱ የደህንነት ሰርተፊኬት በየ90 ቀኑ የሚታደስ ነጻ ሰርተፊኬት ነበር፤ እሱ በልቡ እየቆጠረ በእጁ ነበር የሚያድሰው። አስታዋሽ የለ፣ ስክሪፕት የለ፣ ማስታወሻ የለ። ጊዜው አለፈ። አንድ ጠዋት ዌብሳይቱን የከፈተ ሁሉ «ይኼ ገጽ አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ተደቀነበት፤ ከፋይ ደንበኞች ጭምር ተጠልፋችኋል ወይ እያሉ ደወሉ። ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት ልጅ ሁለት ሌሊት ቢሮ አደረች። ሰውየው ያለበት አገር ሌሊት ስለነበር ስልክ አላነሳም። ያንን ዕድሳት በራሱ እንዲካሄድ ማድረግ ግን የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሰውየው ሲለቅ ክሊራንስ አስፈርሞ ነው የወጣው። አይቸዋለሁ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ንብረት ክፍል ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩንና ማውሱን ተረክቦ ፈርሟል። ፋይናንስ ብድር እንደሌለበት ፈርሟል። የሰው ሀብት ባጁን ተቀብሎ ፈርሟል። ማውሷን ሳይቀር በቁጥር ነው የተረከቧት። ሰርቨሩ እንዴት እንደሚታደስ የሚጠይቅ መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም የለም።